በአማርኛ ስም የሌለው ዓሣ

የዓሣ በረዶ ሲቀልጥ የራሱ ሽታ አለው። የዓሣው አይደለም፤ የቀዘቀዘ ብረት፣ የጨውና የራሰ ካርቶን ሽታ ነው። ዛሬ ጠዋት እዚህ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር፣ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ጋ፣ ዓሣ ሻጯ የሳጥኗን ክዳን ስታነሳ ያ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሽንኩርት ልገዛ ነበር የወጣሁት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሌሎቹ ዓሦች ሥር፣ በረዶው ላይ፣ ክንድ የሚያህል ዝንጉርጉር ነገር ተጠምጥሞ ተኝቷል። «ልቁረጥልሽ?» አለችኝ ሻጯ በሶማልኛ። «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» አልኳትና ሽንኩርቱንም ሳልገዛ ተመለስኩ። አሁን እንግዲህ ያለ ሽንኩርት ምን ልሠራ እንደሆነ አንድዬ ይወቀው። በይ ቁጭ በይ፤ አንቺም ሥራ የለሽ፣ እኔም የለኝ፣ ላውራሽ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከወሎ ተነስቼ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር ተሻግሬ እዚህ ሐርጌሳ ከገባሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ልብስ አጥብና እተኩስ ነበር። ማታ ማታ ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል እንተኛለን። ሥራው አልከበደኝም። ሙቀቱንም፣ አቧራውንም፣ ቋንቋውንም ቀስ በቀስ ለመድኩት። ያልለመድኩት የምግቡን ነገር ነው።

እዚህ ሥጋ እንደሆነ እንደ ልብ ነው። ፍየሉ፣ ግመሉ፣ በጉ፣ በየደጃፉ ይቀቀላል፤ ሽታው መንገድ ላይ ያስቆምሻል። ግን የሚያርደው ሙስሊም ነው፣ እኔ ደግሞ ክርስቲያን ያላረደውን አልበላም። ወሎ ሳለሁ ይኼ ነገር አስቸግሮኝ አያውቅም። እኛ ሰፈር ሠርግ ሲደገስ ሁለት ድስት ይጣዳል። የሙስሊሙን ሙስሊም ያርዳል፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን ያርዳል፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ እየተሳሳቀ ይበላል። ማንም ማንንም አይቀየምም። ሐርጌሳ ግን ድስቱ አንድ ነው። እኔም ሩዝና ሙዝ፣ ዳቦና ሻይ እየበላሁ ከርሜ ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኝ ነበር።

እሱን ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። ማረፊያው ውስጥ ለሚያድሩ የውጭ አገር ሰዎች ያስተረጉም ነበር፤ ልብሱንም እዚያው ያሳጥባል። አንድ ቀን ካውያው ከመጠን በላይ ግሎ የአንድ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠለብኝ። «ወይኔ ጉዴ! የማን እርጉም ሸሚዝ ነው ደግሞ ይኼ!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አቦ አንቺዬ፣ የኔ ነው! ቢያንስ በሶማልኛ እርገሚው፣ ሸሚዙም ይግባው» አለ። ዘወር ስል ቀጭን፣ ረዥም፣ መነጽር ያደረገ ልጅ በሩን ተደግፎ ይስቃል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ እዚያው የተማረ፣ ካደገ በኋላ ከእናቱ ጋር ወደ አገሩ የተመለሰ የሐርጌሳ ልጅ ነበር። «ከመጣሁ ወዲህ አማርኛዬ እየዛገ ነው» አለኝ። «በኮሌታው ፈንታ በቀን አንድ አንድ ቃል ታስታውሺኛለሽ።»

እንደዚያ ተጀመረ። ማጠቢያው ክፍል በር ላይ እየቆመ፣ «ያ እህል የሚነፋበት ነገር ምን ነበር የሚባለው?» ይለኛል። «ወንፊት።» «ወንፊት! አቦ፣ ወንፊት!» ብሎ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው እየሳቀ ይሄዳል። ለቃል ያለው ፍቅር ይገርመኝ ነበር። ሥራው ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። አንድ ትልቅ ሰው በስብሰባ ላይ ክፉ ቃል ተናግሮ፣ አለቃው «ለስለስ አድርገህ ተርጉመው» ቢለው እንቢ ብሎ ከሥራ ሊባረር ሲል የተረፈ ነው። «ሰው ያለውን ነው የማቀብለው። አልጨምርም፣ አልቀንስም» ይላል። በዚህ ነገሩ አሾፍበት ነበር።

ሥጋ እንደማልበላ ሲያውቅ ብዙ አላወራም። በነጋታው መጥቶ፣ «ዓሣስ?» አለኝ። «ዓሣማ እበላለሁ።» ፊቱ በራ። «ዓሣን ማንም አያርደውም። ከውኃ ሲወጣ በራሱ ይሞታል፤ ያንቺ ቄስም የኔ ሼክም እጃቸው የለበትም። አንድ ሳህን ላይ መብላት እንችላለን፣ ወላሂ!»

እዚሁ ጅግጅጋ ያር አንዲት ዓሣ ቤት ነበረች። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ በምስማር ቀዳዳዎቹ የገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ሳንቲም እያከለ ይፈሳል። ማራገቢያው ሲዞር ይንቋቋል። ዓሣው ከበርበራ በበረዶ ይመጣል፤ ጠብሰው ከነሎሚው፣ ከነአረንጓዴው ቃሪያ ዳጣ ያቀርቡታል። በየሳምንቱ እሁድ፣ እኔ ከሥራ ስወጣ፣ እዚያ እንገናኛለን። አንድ ሳህን ይመጣል። እሱ በዚያ ወገን፣ እኔ በዚህ ወገን እየቆረስን መሀል ላይ እንገናኛለን። ከሰው ጋር አንድ ሳህን ላይ ሳልበላ ከርሜ ስለነበር መጀመሪያ ቀን አጥንቱን ሳይቀር እየመጠጥኩ ነው የበላሁት። ደስ ብሎኝ ነው። እንዲያው ዝም ብዬ ደስ ብሎኝ።

ወደድኩት። ምን እደብቅሻለሁ። እሱም ወደደኝ፤ «ላግባሽ» አለኝ። በእሱ ሃይማኖት ክርስቲያን ማግባት ለወንድ እንደማይከለከል ነገረኝ፤ «ቤተ ክርስቲያንሽን ተይ አልልሽም» አለ። የኔ አባት ግን የደብር አገልጋይ ነው። ቢሰማ ሞቼ እንደተቀበርኩ ነው የሚቆጥረኝ። የአባቴን ነገር ለኋላ ትቼው፣ መጀመሪያ የእናቱ ነገር ይለቅ አልን። ሌላ ዘመድ የለውም፤ ያለ እናቱ ፈቃድ ደግሞ እንኳን ሚስት ጫማ አይገዛም ነበር።

እናቱ ብዙ ቀን አሰቡበት። መጨረሻ ላይ፣ «ቤቴ አምጣትና ትብላ። ከማዕዴ በልታ ከጠገበች ልጄ ናት፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም» አሉት። ሲነግረኝ ሳቅኩ። መብላት ብቻ! እኔ የፈራሁት «ሃይማኖትሽን ቀይሪ» እንዳይሉኝ ነበር።

ቀኑን የመረጡት እሳቸው ናቸው። በዚህ አገር ጦርነት ጊዜ ተሰደው ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ስለኖሩ የኛን ነገር ያውቃሉ። «ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፣ ትጾማለች» ብለው ሐሙስን መረጡ። ያንን ስሰማ ልቤ ተረጋጋ። ያለኝን አንድ ጥሩ ቀሚስ ተኩሼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሄድኩ።

ሰማያዊ የብረት በር ነው። ግቢው ተጠርጎ ውኃ ተርከፍክፎበታል፤ የረጠበ አፈር ይሸታል። ከመስጊዱ የአዛን ድምፅ አልቆ ሰፈሩ ጸጥ ያለበት ሰዓት ነበር። እናቱ አጠር ያሉ፣ ወፈር ያሉ፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። አገላብጠው ሳሙኝ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «አንተ ልጅ፣ ግባ፣ ግባ! ማሻአላህ፣ እንዴት ቀጭን ነህ አንተ!» ልጃቸው በኀፍረት መነጽሩን አወለቀ፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ።

ከዚያ እጄን ይዘው ወጥ ቤት ወሰዱኝና አንድ ድስት አሳዩኝ። አዲስ ነው። ወረቀቱ እንኳ ከጎኑ በደንብ አልለቀቀም። «ሥጋ አልነካው። በጭራሽ! ለአንተ ገዛሁ» አሉኝ። አየሽ፣ ቤታቸው ያለው ድስት ሁሉ ሥጋ የተቀቀለበት ስለሆነ ልጸየፍ እችላለሁ ብለው ነው። ማንም ሳይነግራቸው። የወሎን ሁለት ድስት ሐርጌሳ አገኘሁት አልኩ በሆዴ። እንባዬ መጣ፤ ሽንኩርት ነው ብዬ በነጠላዬ ጠረግሁ።

መሬት ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ትልቅ ትሪ መጣ። ሩዙ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ሄልና ቅርንፉድ ይሸታል። ዙሪያውን ሙዝ ተደርድሯል። ከላይ ዓሣው አለ። እንደማውቀው ዓሣ ግን አልተዘረጋም፤ እንደ ዳቦ ክብ ክብ ሆኖ ተቆርጧል። ቆዳው ወፍራም ነው፣ ቡናማና ቢጫ ዝንጉርጉር። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቅርፊት የለውም።

አባቴ ከሐይቅ ዓሣ ሲመጣለት በአውራ ጣቱ ጥፍር ጎኑን ፋቅ ያደርጋል። ቅርፊት ከተነሳ ለእናቴ ይሰጣል። ካልተነሳ፣ ያ ጢማሙ አምባዛ ከሆነ፣ «ይኼ ለኛ አልተፈቀደም» ብሎ ይመልሳል። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ነው ያየሁት። እዚያ ምንጣፍ ላይ ሆኜ ጥፍሬ ራሱ ሊፍቅ ተነሳ፤ እጄን ከቀሚሴ ሥር ደበቅሁት።

እናቱ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ነገሩን ቆይቼ ነው በደንብ የተረዳሁት። ልጅ ሆነው በርበራ ባሕሩ ዳር ነው ያደጉት፤ አባታቸው ይህን ዓሣ ሲይዝ ገበያ አይወስደውም ነበር፣ ለቤት ነው የሚያስቀረው። ለሳቸው ከዓሣ ሁሉ በላጩ ይኼ ነው። ለኔ ብለው በርበራ ካለ ዘመድ በመኪና፣ በበረዶ ታሽጎ አስመጡት። ሥጋ የማትበላ እንግዳ ናት፣ ዓሣ ትበላለች፣ እንግዲያው የዓሣ ምርጡን ትብላ ብለው ነው። ማን ይፈርድባቸዋል።

«ምን ዓይነት ዓሣ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ምነው አፌን በቆረጠው። እናቱ በኩራት በሶማልኛ ነገሩኝ። «መስ በዴድ!» አልገባኝም፤ ወደሱ ዞርኩ። ሩዙን በጣቱ ይጠቀልላል። እናቱ «ንገረዋ!» አሉት። የጠቀለለውን ሩዝ ትሪው ላይ መለሰ። ዓሣ ነው፣ የበርበራ ዓሣ ነው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «የባሕር እባብ» አለኝ። «ስሙ እንደዚያ ነው። እባብ ግን አይደለም፣ ዓሣ ነው።»

«ቢስሚላህ፣ ብላ፣ ብላ!» አሉ እናቱ፣ ትልቁን ቁራጭ ወደኔ እየገፉ።

ቆረስኩ። አፌ ውስጥ ከተትኩ። ለስላሳ ነው፣ ስብ አለው፤ ምናልባትም ይጣፍጣል፣ አላውቅም። አልወርድ አለኝ። ሁለቱም ያዩኛል። እናቱ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ መዋጤን ይጠብቃሉ። ጉንጬ ውስጥ ይዤ ፈገግ አልኩ። መዋጥ ሲያቅተኝ አፌን በእጄ ይዤ ተነሳሁና ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሄጄ ተፋሁት።

ቀና ስል እናቱ ጆግና ፎጣ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። አይተዋል። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብለው እጄ ላይ ውኃ አፈሰሱልኝ። በፎጣው አፌን ራሳቸው ጠረጉልኝ። «በቃ፣ በቃ። ሙዝ ብላ» አሉኝ። ተመልሰን ገባን። ትሪውን አንስተው ወሰዱት። ሙዙን እየላጡ እየሰጡኝ በላሁ፤ ሻይ በወተት ጠጣሁ። ስለ ድሬዳዋ አወሩልኝ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ስሄድ በር ድረስ ሸኙኝ።

እሁድ ዓሣ ቤቷ ተገናኘን። ማራገቢያው ይንቋቋል። ዓሣ ቀረበ፤ ማናችንም እጃችንን አልዘረጋንም። «ሆዮ ምን አለች?» አልኩት። እናቱን እንደዚያ ነበር የሚጠራት። ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ብርሃን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረኝ።

«‹ጥሩ ልጅ ናት፣ ወደድኳት። ግን እኛ ቤት ተርባ ነው የምትኖረው። ሰው እየተራበ ሲኖር ማየት አልችልም› አለች።»

ተቆጥተው ቢሆን፣ ንቀውኝ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

«ዓሣ ነው ብቻ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አልኩት። «ዓይኔን ጨፍኜ እውጠው ነበር።»

«ዋሽቼ ላብላሽ? ያባትሽን ሕግ እኔ ላስጥስሽ?»

«አዎ!» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሰዎች ዞረው አዩን። «አዎ፣ ብትዋሽስ!»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ፣ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ስለ ቃሉ ያወራ ጀመር። ሳምንቱን ሙሉ ሲፈልግ ከርሟል። ዐረቦችም የባሕር እባብ ነው የሚሉት አለኝ። የላቲኑ ስም ትንሿ እባብ ማለት ነው፤ የግሪኩም ከእፉኝት ጋር ይዛመዳል ይላሉ። የእንግሊዝኛውን ምንጭ ማንም በትክክል አያውቀውም። «ያየው ሁሉ መጀመሪያ እባብ ነው ያለው» አለኝ። «ጨዋ ዓሣ ነው፣ ማንንም በመርዝ አይነድፍም፣ ግን ስሙ በሄደበት ሁሉ ተከተለው። በአማርኛ ብቻ ስም የለውም። ባሕሩ ሩቅ ስለሆነ አላያችሁትም። እስቲ አንቺ ስም አውጪለት፤ ሌላ ስም ቢኖረው…»

«ያልዋጥኩትን ምን ብዬ ልሰይመው?» አልኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገ። ዓሣው ቀዘቀዘ። አልተጣላንም፣ አልተላቀስንም። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ፣ አንሶላ ተኮስኩ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ «ምንም» እላለሁ፤ እውነትም ምንም ነበር። ደንዝዤ ነበር። ካውያው እጄን አቃጥሎኝ ቁስሉን ማታ ነው ያየሁት። እሱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ መሄዱን ከማረፊያው ዘበኛ ሰማሁ። ያኔም ምንም አልተሰማኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘበኛው «ሰው ይፈልግሻል» አለኝ። ወጣሁ። እናቱ ናቸው። ፀሐይ ላይ ቆመው ላብ በላብ ሆነዋል። በክንዳቸው እግሯን የታሰረች ቀይ ዶሮ አቅፈዋል። ከአሕመድ ዳጋህ ድረስ በሚኒባስ ይዘዋት መጥተው ነው። ሰላም እንኳ በደንብ ሳይሉኝ ክንዴ ላይ አስቀመጧት። «ያንተ ሰው ይረድልህ» አሉኝ። «ያንተ ሰው ያርዳል፣ አንተ ትበላለህ። ሥጋ ብላ፣ ልጄ። እሺ?» ጉንጬን በመዳፋቸው ያዝ አደረጉት፤ መዳፋቸው ይሞቅ ነበር። ሊሉ የፈለጉት ብዙ ነበር፤ አማርኛው አልበቃቸውም። ዞረው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው ያመመኝ። በጠራራ ፀሐይ ዶሮ አቅፌ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሱን እወደው ነበር፤ እሳቸውንም ወደድኳቸው። የማን እንደባሰብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ ዶሮዋን ማን ያርዳት? እኛ ቤት ሦስት ሴቶች ነን፤ ሴት ደግሞ በኛ አታርድም። አያሃ ሠፈር የቀን ሥራ የሚሠሩ ያገራችን ሰዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ፣ እኛ ሰፈር አጥር የሚገነባ ግንበኛ ክርስቲያን መሆኑን በአንገቱ ማተብ አውቄ «እባክህ እረድልን» አልኩት። እጁን ከሲሚንቶው ታጥቦ መጣ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ በስመ አብ ብሎ አረዳት። ብልት ማውጣቱንም ቆሞ አየልን። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ጣታቸውን እየላሱ በሉ። እኔም ስንት ወር ሥጋ ያልቀመስኩት ሴት በላሁ፤ ጣዕሙ ግን አልተሰማኝም። ግንበኛው ሲሄድ «ሌላ ጊዜም የሚታረድ ካለ ጥሩኝ» አለ።

ዛሬ ባለቤቴ ነው፤ ታውቂው የለ። ደግ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው እንጂ ክፉ አይወጣውም፤ ልጆቹን ይወዳል፤ ከሱ ጋር አንድም ቀን ተርቤ አላውቅም። ያቺን ዶሮ ገበያ ወጥቼ የገዛኋት ነው የሚመስለው። ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ነግሬው አላውቅም። በየፋሲካው ግን ቢላዋውን እየሳለ ቀና ይልና፣ «የመጀመሪያዋን ዶሮ ታስታውሻታለሽ?» ይለኛል።

«አስታውሳታለሁ» እለዋለሁ።